ስህተትሽ ስንት ሜትር ነው? ስለ ጂአይኤስ ማስተርስ ሦስት ደብዳቤዎች

ለዚህ ወር ሦስት ደብዳቤ መርጫለሁ። ሦስቱም ስለ ጂአይኤስ ሁለተኛ ዲግሪ ናቸው። ለማታውቁት፣ ጂአይኤስ ማለት የቦታ መረጃን በኮምፒውተር ካርታ ላይ አስፍሮ መተንተን ነው፤ ሪሞት ሴንሲንግ ደግሞ ምድርን ከሳተላይት ምስል ማጥናት። ረዘም ያሉትን አሳጥሬያቸዋለሁ። ስማችን አይውጣ ያላችሁትንም አክብሬያለሁ።

«ሰላም እህቴ። ሆሳዕና አካባቢ በአንድ ወረዳ መሬት ጽሕፈት ቤት ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ። የመጀመሪያ ዲግሪዬ ጂኦግራፊ ነው። አርክ ጂአይኤስ ከጓደኛ ተምሬ ካርታ እሠራለሁ፤ ኪውጂአይኤስም እነካካለሁ። አሁን ማስተርስ አማረኝ። ባለቤቴ ግን ‹የምታውቀውን ነገር ሁለት ዓመት ምን ልትሆን ትማረዋለህ?› ትለኛለች። መልስ አጣሁ። ምን ይጨምርልኛል? ጂአይኤስ ይሻላል ሪሞት ሴንሲንግ? አገር ውስጥ ወይስ ውጭ? ላፕቶፔ 4 ጂቢ ራም ነው፣ ይበቃል?» ከሆሳዕና

ወንድሜ፣ የባለቤትህን ጥያቄ በየዩኒቨርሲቲው መመዝገቢያ መስኮት ላይ ቢለጥፉት ደስ ይለኛል። እውነቷን ነው። ሶፍትዌር ለመማር ከሆነ አትግባ። የትኛው ቁልፍ የት እንዳለ ዩቲዩብ በነጻ ያሳይሃል። ጓደኛህስ አሳይቶህ የለ? ሁለት ዓመት የሚፈጀው ሌላ ነገር ነው። በራሴ የደረሰውን ልንገርህ። ትንሽ ያሳፍረኛል፣ ግን ይሁን።

በ1996 ዓ.ም. በአንድ ወረዳ መሬት ጽሕፈት ቤት ስቀጠር መሣሪያችን ገመድ ነበር። ሁለት ሰው ገመድ ይይዛል፣ አንዱ ይጽፋል፣ የቀበሌው ኮሚቴና ጎረቤቱ ሁሉ ቆሞ ያያል። ያኔ ለገበሬው የሚሰጠው የይዞታ ደብተር ካርታ የለውም። «በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ ወንዝ፣ በሰሜን መንገድ» ይላል። በቃ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሁለት የእጅ ጂፒኤስ መጣልን። ሰው ሁሉ ፈራው። እኔ ልጅም ደፋርም ስለነበርኩ ያዝኩት። ከዚያ ወዲያ ስሜ ቀርቶ «የጂፒኤሷ ልጅ» ሆንኩ።

የመጀመሪያው ሥራችን የወረዳውን ትምህርት ቤቶች፣ ጤና ኬላዎችና ምንጮች በ1:50,000 ካርታ ላይ ማስፈር ነበር። ዞርን፣ ነጥብ ሰበሰብን፣ ኮምፒውተር ላይ ጫንን። አንዱ ትምህርት ቤት ከወንዙ ማዶ ወጣ። እኔ ግን እዚያ ትምህርት ቤት ሻይ ጠጥቻለሁ፤ ወንዝ አልተሻገርኩም። ተመልሼ ሄድኩ፣ በእግር ሦስት ሰዓት። ትምህርት ቤቱ ያው እዚያው ነው። እንደገና ለካሁ። እንደገና ማዶ ወጣ። አለቃዬ «ዕቃው ተበላሽቷል» አሉ። ከዚያ ያደረግነውን ስነግርህ አትሳቅ። ነጥቦቹን በማውስ እየጎተትን «ወደ ቦታቸው» መለስናቸው። ሪፖርቱ ታተመ፣ ማኅተም ተመታበት፣ ሄደ።

መስከረም 2000 ዓ.ም. አገሩ ሁሉ ሚሊኒየም ሲያከብር እኔ ኔዘርላንድ፣ ኤንስኬዴ በምትባል ከተማ፣ ዝናብ ላይ ብስክሌት መንዳት እለማመድ ነበር። አይቲሲ የሚባለው ተቋም ያለው እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 ዴልፍት ላይ ተቋቋመ፣ በ1971 ወደ ኤንስኬዴ ዞረ፣ በ2010 ደግሞ የትዌንቴ ዩኒቨርሲቲ አንድ ፋኩልቲ ሆነ። ስንቱ ኢትዮጵያዊ ቀያሽና ካርታ ሠሪ በዚያ በር አልፏል። ትምህርቱ ከተጀመረ በሁለተኛው ወር ገደማ ከየአገራችን ያመጣነውን መረጃ እንድናሳይ ተጠየቅን። እኔም ያልተጎተቱትን፣ የጥንቶቹን ነጥቦች አወጣሁ። መምህሩ አየት አደረጉና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። «ስህተትሽ ስንት ሜትር ነው? ወደየትስ ነው የሚሄደው?»

ወደየት? እንዲህ ተብሎ እንደሚጠየቅም አላውቅም ነበር። ተቀምጬ ለካሁት። ሁሉም ነጥብ ከ200 ሜትር በላይ ስቷል። ሁሉም ወደ ሰሜን ምሥራቅ።

አየህ፣ የተበላሸ ጂፒኤስ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ይስታል። ሁሉም ነጥብ እኩል፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ከሳተ ግን ዕቃው ደህና ነው። የተሳሳትነው እኛ ነን። የድሮ ካርታዎቻችን የተሠሩት አዲንዳን በሚባል ዳተም ነው። ስሙን ያገኘው በሱዳንና በግብፅ ድንበር አካባቢ ከነበረ የቅየሳ ጣቢያ ነው። ዳተም ማለት የምድርን ቅርጽ እንዲህ ነው ብለን፣ ከዚህ ተነሥተን እንለካለን ብለን የተስማማንበት ውል በለው። ጂፒኤስ ደግሞ ደብሊውጂኤስ 84 የሚባል ሌላ ውል አለው። አንዱን ወደ ሌላው ሳትቀይር ብትደራርባቸው እኛ አገር ላይ ከ200 ሜትር በላይ ይለያያሉ። በ1:50,000 ወረቀት ላይ 4 ሚሊሜትር ገደማ ናት። ወንዝ ለማሻገር ግን በቃች።

የሚያናድደው፣ መቀየሪያው ያኔም ሶፍትዌሩ ውስጥ ነበረ። ሁለት ሦስት ጊዜ መጫን ነው። እኔ ግን መኖሩን ስለማላውቅ አልፈለግኩትም። አለቃዬም አያውቁም። ማኅተም የመቱትም አያውቁም።

አሁን ወደ አንተ ወረዳ እንምጣ። 20 በ50 የሆነች ማሳ አስብ፣ 1,000 ካሬ ሜትር። የእጅ ጂፒኤስ 5 ሜትር ቢስት ብርቅ አይደለም። አንዱ ረጅሙ ወሰን 5 ሜትር ወደ ውስጥ ከገባ 250 ካሬ ጠፋ። የማሳው ሩብ። «በሚስትና በርስት ቀልድ የለም» ይባላል (አባባሉን አልወደውም፣ እኔም የሰው ሚስት ነኝ)። አንተ ግን የሰው ሩብ ማሳ በአንድ ጠቅታ ስትውጥ ካርታው ያምራል፣ ቀለሙ ደስ ይላል፣ ፍርድ ቤት እስኪደርስ ማንም አይጠይቅህም። ስህተቱን አስቀድሞ መገመት፣ መጠኑን ማስላት፣ «ይህ ካርታ ለመንገድ እቅድ ይሆናል፣ ለወሰን ክርክር አይሆንም» ብሎ መፈረም፦ ሁለቱ ዓመት የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው። ስታቲስቲክሱም፣ ፕሮጀክሽኑም (ክቧን ምድር ጠፍጣፋ ወረቀት ላይ የምናሰፍርበት ስሌት)፣ ፓይተን የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋም ዞሮ ዞሮ ለዚህ ነው። ለባለቤትህ ይህን ንገራት። ካላመነች የትምህርት ቤቱን ታሪክ አንብብላት።

ጂአይኤስ ወይስ ሪሞት ሴንሲንግ ላልከው፣ አብዛኛው ፕሮግራም ሁለቱንም አጣምሮ ነው የሚያስተምረው። ቢሮ ተቀምጠህ የሚያብሰለስልህን ነገር አስብ። የወንድማማቾች ወሰን፣ የተደራረበ ይዞታ፣ ሳይመዘገብ የቀረ ውርስ ከሆነ መሬት አስተዳደር ያለበትን ፈልግ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ለዚሁ የቆመ የመሬት አስተዳደር ኢንስቲትዩት አለው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በሁለት በር ይገባል፤ ስድስት ኪሎ በጂኦግራፊ፣ አራት ኪሎ በምድር ሳይንስ። ወይም እናንተ ጋ ያለው እንሰት ያስገርምህ ይሆናል። ከላይ ሲታይ ጓሮው ሙሉ አረንጓዴ ነው። ኮምፒውተሩ ደን ይለዋል፤ ቤተሰቡን ከነጎጆው ጫካ ውስጥ ይከተዋል። «ይህን እንዴት ልለየው?» የሚለው እንቅልፍ ከነሳህ ያንተ ነገር ሪሞት ሴንሲንግ ነው።

አገር ውስጥ ለመማር የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተናውን ማለፍ አለብህ። ሒሳብ ከተውክ ስምንት ዓመት ስለሆነህ ቀደም ብለህ ጀምር። መሥሪያ ቤትህ ስፖንሰር ካደረገህ ደመወዝህ አይቋረጥም፤ በምትኩ ተመልሰህ የምታገለግልበት ውል ትፈርማለህ። ውሉን አንብበው። እኔ ሳላነብ ፈርሜ ዋስ የሆነኝን አጎቴን ለአንድ ዓመት እንቅልፍ ነስቼዋለሁ።

ውጭ ከሆነ አይቲሲ አሁንም አለ። ኢራስመስ ሙንደስ የሚባለው የአውሮፓ ኅብረት የትምህርት ዕድልም «ጂኦስፓሻል ቴክኖሎጂስ» የሚል ማስተርስ አለው፤ የሊዝበን፣ የስፔኗ ካስቴዮንና የጀርመኗ ሙንስተር ዩኒቨርሲቲዎች በጋራ የሚሰጡት ነው። ፕሮግራሚንግ ይበዛበታል፤ ፓይተን ሳትነካካ እንዳትሄድ። ማመልከቻህን «ጂአይኤስ ለአገር ልማት ወሳኝ ነው» ብለህ አትጀምር። ይህንን መቶ ሰው ጽፎታል። እንሰቱን ጻፍላቸው።

ላፕቶፕህ አይበቃም። የቀበሌ ካርታ በኪውጂአይኤስ ያንቀሳቅስልሃል፤ ሳተላይት ምስል ላይ ሲደርስ ግን ይንቀረፈፋል። 16 ጂቢ ብታገኝ ደህና ነው። ካጣህ ጉግል ኧርዝ ኢንጅን አለልህ። ስሌቱ የሚሠራው ጉግል ኮምፒውተር ላይ ስለሆነ አንተ ጋ የሚያስፈልገው ኢንተርኔት ነው (መብራት ካለ ማለቴ ነው)። ክራክ የተደረገውን አርክ ጂአይኤስ ደግሞ ተወው። ኪውጂአይኤስ እ.ኤ.አ. በ2002 የተጀመረ ነጻ ሶፍትዌር ነው። ለማስተርስ የሚያንሰው ነገር የለም።

«ሰላም ላንቺ። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው። አዲስ አበባ በሲቪል ምህንድስና ተመርቄ ሦስት ዓመት ቅየሳ ላይ ሠርቻለሁ። እዚህ ከመጣሁ አራት ዓመቴ ነው። ግሪን ካርድ አለኝ፣ ኡበር እነዳለሁ። እዚህ አካባቢ የጂአይኤስ ሥራ እንደ ጉድ ነው ይሉኛል። ማስተርስ ልግባ? ክፍያው ያስፈራኛል።» ከአሌክሳንድሪያ

እህቴ፣ የነገሩሽ እውነት ነው፤ ግን ግማሹን ነው። ካለሽበት ብዙ በማይርቀው ስፕሪንግፊልድ የአሜሪካ የጂኦስፓሻል ስለላ ተቋም ዋና መሥሪያ ቤት አለ። በዙሪያው ለእሱ የሚሠራ ኩባንያ ሞልቷል። ችግሩ፣ እንዲህ ያለው ሥራ ክሊራንስ (ምስጢር የማየት ፈቃድ) ይጠይቃል፤ ለክሊራንስ ደግሞ ዜግነት። ግሪን ካርድ አይበቃም። ማስተርስ ይዘሽም በሩ ላይ ትቆሚያለሽ። ግሪን ካርድ ከያዝሽ አምስት ዓመት ሲሞላ ለዜግነት ማመልከት ስለምትችዪ ቀኑን ቆጥረሽ ያዢ። እስከዚያው ካውንቲዎችን፣ የውሃና የመብራት ድርጅቶችን፣ የቅየሳ ቢሮዎችን ተመልከቺ።

ማስተርሱን አሁን አትጀምሪ። መጀመሪያ ኖቫ (የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ) ሂጂና የጂአይኤስ ሰርተፊኬቱን ጠይቂ። ክፍያው ከዩኒቨርሲቲ ጋር አይወዳደርም። ትምህርቱን በኡበርሽ ሰዓት ልታስተካክዪው ትችዪ እንደሆነም እዚያው ትረጃለሽ። ጎን ለጎን የአዲስ አበባውን ዲግሪሽን አስገምግሚ፤ ለማስተርስም ለሥራም ይጠይቁሻል። ሥራ ከያዝሽ በኋላ ቀጣሪሽ የትምህርት ክፍያ ይሸፍን እንደሆነ ጠይቂ፤ የሚሸፍኑ አሉ። ያኔ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲም ጆርጅ ሜሰንም ቅርብሽ ናቸው።

አንድ ነገር ልጨምር። ሲቪሽን ስትጽፊ የሦስት ዓመቱን ቅየሳ ታች አትቅበሪው። ጂአይኤስ ተምሮ ቶታል ስቴሽን የሚባለውን የቅየሳ መሣሪያ በእጁ ይዞ የማያውቅ ሰው ብዙ ነው። አንቺ ጭቃ ውስጥ ቆመሽ ለክተሻል። እሱን ላይ አድርጊው።

«እትዬ፣ እንደምን አሉ? ማስተርስ ሁለተኛ ዓመት ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌ የወረዳዬ የመሬት አጠቃቀም ለውጥ ነው፤ እ.ኤ.አ. 1990፣ 2000፣ 2010 እና 2020ን በላንድሳት ሳተላይት ምስሎች እያነጻጸርኩ። እርሻውን ከደኑ የለየሁበት ምደባ 93 በመቶ ትክክል ወጣ። አማካሪዬ ግን ‹እና ምን ይሁን?› አሉኝ። ሁሉም የሚሠራው ይህንኑ አይደል? እኔ ላይ ምን አመጣባቸው?» ከእንጅባራ

እትዬ ስላልከኝ እኔም ልጄ እልሃለሁ። ገና አርባ አምስቴ ነው፣ ግን ይሁን።

ሁሉም ይህንኑ ነው የሚሠራው፤ አማካሪህን የሰለቻቸውም እሱ ነው። ወረዳው ይቀየራል፣ አራቱ ዓመታት አይቀየሩም። መደምደሚያውም «የእርሻ መሬት ጨመረ፣ ደን ቀነሰ» ነው። በእናንተ አካባቢ ግን ይህ መደምደሚያ ራሱ ሳይገለበጥ አይቀርም። ወደዚያ እመጣለሁ።

መጀመሪያ 93ቱን ልጠይቅህ። ማረጋገጫ ነጥቦቹን ከየት አመጣህ? ዶርም ተቀምጠህ ከጉግል ኧርዝ ከሆነ፣ ወይም ኮምፒውተሩን ካሠለጠንክበት ቦታ ከሆነ፣ ራስህ ጠይቀህ ራስህ መልሰህ 93 ሰጠህ ማለት ነው። የ2010ሩን ምስልም እየው። ከላንድሳት 7 ከሆነ ጥቁር ሰንጥቆች አሉበት፤ እ.ኤ.አ. ግንቦት 2003 ላይ አንድ ክፍሉ ተበላሽቶ ከእያንዳንዱ ምስል አንድ አምስተኛ ያህሉ ባዶ ሆኖ ነው የሚመጣው። ላንድሳት 5 ያኔ ገና ይሠራ ስለነበር ከእሱ ውሰድ። እኔ ስማር አንድ የላንድሳት 7 ምስል 600 ዶላር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 ነጻ ሲለቀቅ ክፍሉ ውስጥ ጮኸናል። ምስል በነጻ ስለሚገኝ ይመስለኛል ዛሬ ሰው አራት አውርዶ ጨረስኩ የሚለው።

አሁን ወደ ዲከረንስ፣ ለከሰል ወደሚተከለው የግራር ዘመድ። እናንተ አካባቢ ያለውን የፋግታ ለኮማ ወረዳ ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ። ገበሬው ዲከረንስ ይተክላል፣ በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መሃል ጤፍ ይዘራል፣ አራት አምስት ዓመት ሲሆነው ይቆርጥና እዚያው ያከስለዋል፣ መሬቱን መልሶ ያርሳል፣ መልሶ ይተክላል። እንግዲህ ያቺን አንዲት ማሳ በየአሥር ዓመቱ ብቻ እየመጣህ ብታያት ምን ታያለህ? ሁለት ዙር በመሃል አልፏል። በ2010 ከሰል በተከሰለ ማግስት ከደረስክ እርሻ ነች። በ2020 ሦስት ዓመት የሞላው ዛፍ ላይ ከደረስክ ደን ነች። ከዚያ «እርሻ ወደ ደን ተቀየረ» ብለህ ትጽፋለህ። ምንም አልተቀየረም እኮ! ያው ሰውዬ ነው፣ ያው ማሳ ነው፣ ተራው ነው። ደን የሚለው ቃልም ያጣላናል። የደብሩ ጥድና ወይራ፣ የገበሬው ባሕር ዛፍ፣ የከሰሉ ዲከረንስ በአንድ ቀለም ሲቀቡ አንተም አታምንበትም።

ስለዚህ ርዕሱን ሳትጥል ጥያቄውን ቀይረው። ማሳው በስንት ዓመቱ ይዞራል? ዙሩ እያጠረ ነው ወይስ እየረዘመ? ዲከረንስ የያዘው የድሮ እርሻን ነው ወይስ ግጦሽን? ለዚህ በየዓመቱ አንድ ምስል ያስፈልግሃል። ሴንቲኔል 2 የሚባለው ሳተላይት እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ አለ፣ በ10 ሜትር ጥራት። አንዱ የላንድሳት ፒክስል (ምስሉ የተሠራበት አንዷ ትንሽ አራት ማዕዘን) 900 ካሬ ሜትር ነው፤ የእናንተን ጠባብ ማሳ በአንድ ጉርሻ ይውጣታል። በሴንቲኔል 1,000 ካሬዋ ማሳ አሥር ፒክስል ይደርሳታል። ክረምቱን ደመና ስለሚሸፍነው በየዓመቱ የጥርን ምስል ያዝ። ጤፉ ተነሥቷል፣ ዛፉ አረንጓዴ ነው፣ በደንብ ይለያል። ቃርሚያ የቀረበት እርሻና የተጋጠ ሜዳ ግን በጥር ይመሳሰላሉና ለሁለቱ የጥቅምት ምስል ጨምርበት፤ ያኔ እህሉ ገና ቆሟል።

ከዚያ ከሃምሳ ስድሳ ማሳ ባለቤቶች ጋር ተቀመጥ። ቁጥሩ ከዚህ ቢያንስም ግድ የለም። «በየት ዓመት ተከሉት? በየት ዓመት አከሰሉት?» ብለህ ጠይቅ። ሰዉ ዓመቱን ሊረሳው ይችላል፤ «ልጄን የዳርኩ ዓመት» ካለህ እሱንም ጻፈው፣ ሰርጉን ከጎረቤት ታጣራለህ። የእነሱን መልስ ከምስሉ ጋር አስተያየው። 93ቱ ወደ 80 ቢወርድ አትደንግጥ። አማካሪህ 80ዋን ይወዷታል፤ የት የት እንደተሳሳትክ ስለምታሳያቸው።

ከጥር በፊት ውጣ። ከሰል የሚከሰልበት ማሳ ስትገባም ያችን የካምፓስ ነጭ ጫማ አታድርጋት፤ ጥላሸቱ አይለቅም።